ግድቡ ካለቀ ሶላሩ ለምን? የድሬዳዋና የሐረር የውሃ ሒሳብ

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ተገጣጠመ። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ተመረቀ። አዲስ አበባ ደግሞ ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናገደች። በአንድ በኩል 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ፣ በሌላ በኩል ስለ ታዳሽ ኃይልና ስለ ድርቅ መቋቋሚያ ገንዘብ የሚደረግ ውይይት።

ከዚያ ወዲህ በምሥራቁ በኩል አንድ ክርክር ቶሎ ቶሎ ይነሳል። «ይህን የሚያህል ግድብ እያለን የምን ሶላር ነው?» የሚል አለ። «አቦ፣ ይህን ሁሉ ፀሐይ ታቅፈን የምን ሽቦ መጠበቅ ነው?» የሚል የድሬ ሰውም አይታጣም። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ነገር ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ መብራት ነው። ድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ቆላም ሆነ በሐረር ደጋ፣ የአየር ንብረት ለውጥ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በውሃ በር ነው። ሶላሩም መመዘን ያለበት በዚያው ነው።

የሚለካው በምንድን ነው?

የአየር ንብረት ፖሊሲ ሁለት ዘርፍ አለው። አንዱ ልቀት ቅነሳ ይባላል፤ ከባቢ አየርን የሚያሞቀውን ጭስና ጋዝ መቀነስ ማለት ነው። ሌላው መላመድ ነው፤ ለውጡ አንዴ መጥቷልና ጉዳቱን ችሎ መኖር። ኢትዮጵያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ኤሌክትሪኳን የምታመነጨው ከውሃ ነው። ስለዚህ አንድ የገጠር ቀበሌ ሶላር ቢተክል የሚቀንሰው ልቀት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የናፍጣ ፓምፕ ከተካ ጥቂት ይቀንሳል፣ ያ ነው።

የመላመድ ጥቅሙ ግን ትልቅ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት በመጣው ድርቅ በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጎ ነበር። ከድሬዳዋ ጋር የሚዋሰነው የሲቲ ዞን አርብቶ አደር ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ዝናቡ ሲጠፋ እንዲህ ነው። ሲመጣ ደግሞ የድሬዳዋን የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ይመጣል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። እንዲህ ባለ አካባቢ «መላመድ» ሲባል ትርጉሙ ዝናብ በቀረበት ዓመት ሰው ከነከብቱ ቀዬው ላይ መቆየት መቻሉ ነው።

ሽቦው በላይ እያለፈ

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የ230 ኪሎቮልት መስመር ተዘርግቷል። ኢትዮጵያ በዚህ መስመር ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። እና ሽቦው ከራሱ በላይ እያለፈ የሚጨልም መንደር ያለው ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም።

ምክንያቱ ቴክኒክም ገንዘብም ነው። በዚያ ሽቦ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት 230,000 ቮልት ነው። ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው 220 ቮልት ነው። በመካከል የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ሌላ መስመር፣ ምሰሶና ትራንስፎርመር ይገባል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚከፋፈለው ተበታትነው ለሚኖሩ፣ አንዳንዶቹም ከብት ተከትለው ለሚንቀሳቀሱና አምፖልና ሞባይል ከመሙላት ያለፈ ለማይጠቀሙ ጥቂት አባወራዎች ነው። ሐሮማያ ዙሪያ እንዳለው ሕዝብ በተጠጋጋ ቦታ ሒሳቡ ያዋጣል። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ባለው ቆላ አያዋጣም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምም ይህን አልካደም። በ2017 ዓ.ም. መላው ሕዝብ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል እንዲዳረስ ነበር ዕቅዱ። ቀነ ገደቡ አልፏል። ዛሬም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ በጨለማ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዋናው መስመር ራሱ ዝናብ ይጠብቃል። በግንቦት 2011 የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ሲቀንስ አገሪቱ 476 ሜጋዋት ጎደላት፣ መብራት በፈረቃ ሆነ፣ ለጅቡቲና ለሱዳን የሚሸጠውም ቆመ። የሕዳሴው ግድብ ይህን ስጋት ብዙ ያቀልለዋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፣ ተፋሰሱም ከጊቤ የተለየ ነው። ይህን ሶላር ወዳዶቹ ሊቀበሉት ይገባል። ግን የግድብ ትልቅነት የተቃጠለ የሰፈር ትራንስፎርመር አይጠግንም። ገጠር ላይ ደግሞ መብራት ከሄደ የሚመለሰው መኪናና ባለሙያ ሲገኝ ነው።

ለፍትሕ ያህል የሽቦ ደጋፊዎቹ አንድ ትልቅ መከራከሪያ አላቸው። ምጣድ! የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለች 100 ዋት ፓነል በቀን የምታመርተው 400 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 100 ዋት ለአራት ሰዓት፣ ቢሆን፣ ምጣዱ በሰባት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ገና ሳይግል ማለት ነው። ወፍጮና ብየዳም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የቤት ሶላር ኩራዝን ያስወግዳል እንጂ ከሰልን አያስወግድም። «ሶላር ገባ፣ ደን ዳነ» የሚል ዜና ሲነገር ቆም ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

ሌሎቹን አነስተኛ ታዳሽ ኃይሎች ቶሎ ልለፋቸው። ባዮጋዝ እበትና ከእበቱ እኩል የሚጠጋ ውሃ በየቀኑ ይፈልጋል። ላም ታስሮ በሚቀለብበት ደጋ ይሠራል፤ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቆላ ግን ሰው ሳይጠጣ ጋዙ እንዲጠጣ መጠየቅ ነው። በወንዝ የሚሠራ አነስተኛ ተርባይን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ይሻል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው።

ውሃን ማንሳት ስንት ያስከፍላል?

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 2.7 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ በድርድር አይቀነስም። ፓምፕና ቧንቧ የሚያባክኑት ሲጨመር ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል።

ሐረርን እንውሰድ። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከተማዋ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ከከርሰ ምድር የሚሳብ ውሃ ጠጪ ሆናለች። ውሃው የደንገጎን አቀበት ይወጣል። ከፍታው 700 ሜትር ነው ብለን ብናሰላ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ብክነቱን ጨምሮ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ለአንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ60 ዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው። አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል ስድስት ሰዓት ያበራል። ታች ኤሌክትሪክ ከተቋረጠና ማጠራቀሚያው ካለቀ ላይ ቧንቧው ይደርቃል። ይህን ሸክም አነስተኛ ሶላር አይችለውም። የዋናው መስመር ሥራ ነው፤ መስመሩ አስተማማኝ እንዲሆን መታገልም ለሐረር የመላመድ ሥራ ነው።

የገጠሩ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ውሃው 60 ሜትር ላይ የሚገኝ የመንደር ጉድጓድ እናስብ። አንድ ሜትር ኩብ ለማውጣት ብክነቱን ጨምሮ 350 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ሁለት ትልልቅ ፓነሎች፣ በድምሩ 1,000 ዋት፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ሙቀቱና አቧራው የሚቀንሰው ተቀንሶ በቀን ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሰጣሉ። ይህ 12 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። የመንግሥት የገጠር ውሃ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ስለሆነ ለ480 ሰው ይደርሳል። በሁለት ፓነል! ጉድጓዱ 180 ሜትር ከሆነ ፓነሉን ሦስት እጥፍ ማድረግ ነው። ከብት ሲጨመር ግን ሒሳቡ ይናወጣል፤ ለቀናት የተጠማች ግመል አንዴ ከተጠጋች 100 ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። የመንደር ጉድጓድ ሲነደፍ ሰው ብቻ ከተቆጠረ ድርቅ በመጣ ቀን ሰልፍና ጠብ ይነሳል።

ከዚህ ጋር የሚወዳደረው ናፍጣና ቦቴ ነው። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል። ድርቅ በመጣ ቁጥር በቦቴ ውሃ የማመላለስ ወጪም አብሮ ይወጣል። ቦቴ መንገድ ይፈልጋል፣ ጎማ ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል። ሶላር ፓምፕ ከተተከለ በኋላ ነዳጅ የሚባል ነገር የለውም። ዝናብ በጠፋበት ወቅት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ፓምፑ በደንብ የሚሠራው ውሃ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው።

የድሬ ሙቀት ለፓነሉም ሙቀት ነው

ብዙ ሰው ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን አንድ ይመስለዋል። ፓነል የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ፋብሪካ ላይ የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ለምትጨመር ለእያንዳንዷ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ኃይል ያጣል። ድሬዳዋ ላይ ቀትር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ የተለጠፈ ፓነል 65 ዲግሪ ቢደርስ ከ12 እስከ 16 በመቶው ጠፋ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከጣሪያው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በመግጠም ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ማድረግ። ሐረር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ያው ፓነል እዚያ የተሻለ ያመርታል።

ባትሪው ላይ ግን ነገሩ ከባድ ነው። የተለመደው ሊድ አሲድ ባትሪ፣ የመኪና ባትሪ ዘመድ የሆነው፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። 35 ዲግሪ በሚሆን ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ይቆያል የተባለው ሁለት ዓመት ይቆያል። አዲሶቹ የሊትየም ባትሪዎች ሙቀቱን የተሻለ ይችላሉ፤ መግዣቸው ግን ይወደዳል። «ሶላር አይረባም፣ ገዝቼ ሞተብኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ሞቶ ነው። ፓነሉ ደህና ነው፤ ዕድሜው 25 ዓመት ነው።

ስለዚህ በቆላ የሚያዋጣው ኤሌክትሪክን ሳይሆን ሥራውን ማጠራቀም ነው። ቀን ፀሐይ እያለ ውሃው ወደ ሮቶ ይሳባል፣ ማታ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ሙቀት የማይገድለው ባትሪ ነው። ጤና ኬላዎች ላይ የሚተከሉት በቀጥታ ከፓነል የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎችም በዚሁ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው። ቀን በረዶ ይሠራሉ፣ ሌሊቱን በበረዶው ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያቆዩታል። ባትሪ የሚባል የላቸውም። ይኸው ዘዴ ለግመል ወተት ነጋዴዎች በቅጡ ቢታሰብበት ጥሩ ነበር። ወተቱ ከገጠር እስኪመጣ መንገድ ላይ የሚበላሸው በሙቀት ነው፤ ነጋዴዎቹም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ሐሮማያ የሚያስተምረው

እስካሁን የተባለው ሶላር ፓምፕን የሚያስወድድ ነው። አሁን ወደ አደጋው።

የሐሮማያ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። አንዱ ወገን ጥፋቱን ለአየር ንብረት ለውጥ ይሰጣል። ሙቀት ሲጨምር ትነት መጨመሩ እውነት ነው። ሌላው ወገን ግን ዝናቡ ብቻውን ለመድረቁ አይበቃም ይላል፤ ሚዛኑም ወደዚህ ያደላል። ሐይቁ ለሐረርና ለአካባቢው ከተሞች የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። ዙሪያው ያለው አርሶ አደር በፓምፕ እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚታጠበው አፈር ደግሞ ሐይቁን ከሥር ይሞላው ነበር። በቅርብ ዓመታት ጥሩ ዝናብ ሲዘንብና በተፋሰሱ ላይ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሲሠራ ሐይቁ ተመልሷል። የተመለሰ ውሃ ደግሞ ተመልሶ ሊሄድም ይችላል።

ያኔ ፓምፖቹ ነዳጅ ይጠጡ ነበር። ነዳጁ ውድ በሆነ ቁጥር ገበሬው «ዛሬስ ልሳብ ወይስ ልተው?» ብሎ ያሰላል። የነዳጅ ዋጋ ሳይታሰብ የተገኘ ልጓም ነው። ሶላር ይህን ልጓም ያወልቀዋል። ፓነሉ አንዴ ከተገዛ አሥረኛው ሰዓትም እንደ አንደኛው በነፃ ነው። በዚያ ላይ ጫት በበጋ ዋጋው ይንራል። ፀሐይ የሚበረታበት፣ ውሃ የሚጠፋበት፣ የጫት ዋጋ የሚወደድበት ወቅት አንድ ነው። ገበሬው ያለማቋረጥ ቢስብ ሞኝነት የለበትም፤ ሒሳቡ እንደዚያ ይላልና። የጋራ ውሃው ግን ይወርዳል። ጥልቅ መቆፈሪያ ገንዘብ የሌለው ጎረቤት መጀመሪያ ይደርቅበታል።

ሕጉስ? የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን ግን ከፈቃድ ነፃ ያደርጋል። አዋጁ ሲወጣ የእጅ ጉድጓድ ማለት ገመድና ባልዲ ነበር፤ በባልዲ ውሃ ማሟጠጥ አይቻልም። ያው ጉድጓድ ላይ ሶላር ፓምፕ ሲገጠም ሌላ ነገር ይሆናል። የፈቃዱ ነፃነት ግን እንደቆመ ነው። በእኔ ግምት ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ጋ ነው፤ ስለ ሶላር በሚደረገው ወሬ ውስጥ ግን አይነሳም።

ሕንድ ይህ ችግር ቀድሞ ገጥሟታል። በጉጃራት ግዛት ዱንዲ በምትባል መንደር ገበሬዎች በ2016 እ.ኤ.አ. የሶላር ማኅበር አቋቁመው ትርፍ ኃይላቸውን ለዋናው መስመር መሸጥ ጀመሩ። ውሃ ካልሳቡ ኤሌክትሪኩ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ «ልሳብ ወይስ ልተው?» የሚለው ሒሳብ ተመለሰ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን በቅርብ ሽቦና ኃይል የሚገዛ ድርጅት ይፈልጋል። መስመር በደረሰበት በሐሮማያ ደጋ ሊሞከር ይችላል፤ ለቆላው አይሆንም። ለቆላው የሚቀረው ልጓሙን ገና ሲተከል መሥራት ነው። ጉድጓዱ ከሚተካው ውሃ በላይ መሳብ የማይችል አነስተኛ ፓምፕና ፓነል መምረጥ፣ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ በራሱ እንዲቆም ማድረግ።

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። ከተማውና ፋብሪካው እንዳሻቸው እየሳቡ ድሃ ገበሬ ላይ ብቻ ገደብ መጣል ፍትሕ ነው ወይ? አይደለም። ስለዚህ ገደቡ መቆጠር ያለበት በሚወጣው ውሃ ነው። በሶላር ይሁን፣ በናፍጣ ይሁን፣ በሽቦ ይሁን፣ ለከተማም ለገጠርም አንድ መለኪያ ይውጣለት።

ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ

ሶላር ፓምፕ ሲተከል ባለሥልጣን ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ መቆጣጠሪያው ሲቃጠል ማን ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከፓነሉ ይልቅ መቆጣጠሪያው፣ ኬብሉ ወይም ከጉድጓዱ ውስጥ ያለው ፓምፕ ነው። እነዚህ ሁሉ በዶላር የሚገቡ ናቸው። የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለጥገና እያለ ከጀሪካን ሳንቲም ያጠራቀመ የውሃ ኮሚቴ ሳይነካው የገንዘቡ ጉልበት በግማሽ ገደማ ተቆረጠ። ኮሚቴው የሠራው ጥፋት የለም። ብር አጠራቅሞ የዶላር ዕቃ መጠበቅ ግን ለአንድ መንደር የሚተው አደጋ አይደለም። መለዋወጫውን ሲጀመር አብሮ ገዝቶ ድሬዳዋ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም ጥገናን የአሥር ዓመት ውል አድርጎ ከሻጩ ጋር መፈራረም ይሻላል። የዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ለአነስተኛ ታዳሽ ኃይል ለኢትዮጵያ የፈቀደው 500 ሚሊዮን ዶላርም ሆነ ሌላው እርዳታ ሲገመገም ስንት ተተከለ ከሚለው ይልቅ በአምስተኛው ዓመት ስንቱ ይሠራል የሚለው ቢጠየቅ ብዙ ነገር ይገለጣል።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ደግሞ ከአንድ መንደር ይሰፋል። ከከርሰ ምድር የሚሳበው ውሃ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። ድሬዳዋ፣ ሐረሪ፣ ኦሮሚያና ሶማሌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠጣሉ። አንዱ ሲጨምር የሌላው ይወርዳል። ስለ ኮታ ከመደራደር በፊት ግን የጉድጓዶቹን የውሃ ከፍታ ማወቅ ይቀድማል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። ፓምፑ ሲገባ ከጎኑ የመለኪያ ገመድ የሚያስገባ ቀጭን ቧንቧ አብሮ ይወርዳል፤ በወር አንዴ ገመድ ይለቀቅና ቁጥሩ ይመዘገባል። ጉድጓዱ ተዘግቶ ፓምፑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያንን ቧንቧ ማስገባት ፓምፑን ነቅሎ ማውጣት ይጠይቃል። ስለዚህ የሚቀጥለው የሶላር ፓምፕ ጨረታ ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ያ ቧንቧ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩና መዝገቡን የሚይዘው ማን እንደሆነ ነው።